ገንደበሎን ፍለጋ

ከከሚሴ በስተደቡብ፣ ደጋው ወደ አዋሽ ቆላ በሚያዘቀዝቅበት በይፋት ምድር፣ የጥንቷን የገንደበሎን ገበያ ፍለጋ ብዙ መጽሐፍ ተገላብጧል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ቬኒሳዊው አሌሳንድሮ ዞርዚ አገሩን ሳይረግጥ፣ ከተጓዦች አንደበት የሰማውን ጎዳና ሲጽፍ፣ የሲራራ ግመሎች በዚያች ከተማ ጭነታቸውን ያራግፉ እንደ ነበር መዘገበ። ከየትኛውም የካርታ ነጥብ ይልቅ የሚበጀው ይህ ቃል ነው፤ ግመል ያን አቀበት አይደፍርምና ሸክሙ ወደ በቅሎ የሚዛወርባት ከተማ ከገደሉ ግርጌ ሌላ ወዴት ትገኛለች? በ2006 እ.ኤ.አ. ፈረንሳውያኑ ፎቬልና ኢርሽ ከባልደረቦቻቸው ጋር በይፋት የአስበሪን፣ የመሳልንና የኖራን ፍርስራሽ ከነመስጊዶቻቸው አጥንተው አስታወቁ። ስለ ይፋት ሲነሣ ጎልቶ የሚሰማው ድል ያደረጋት የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ነበር፤ አሁን ግን የኖራ መስጊድ ግድግዳም ለምስክርነት ቀርቧል።