ከሳሎን ወደ ጓዳ

የአንድን አሮጌ ቤት ታሪክ ማወቅ ከፈለጋችሁ ግድግዳውን ተዉት። ግድግዳ በዓል በመጣ ቁጥር ቀለም ይቀባና ያለፈውን ይሸፍናል። ወለል ግን እንዲህ በቀላሉ አይዋሽም። አዲስ አበባ ውስጥ የቆየ ቤት ስትገቡ እስቲ ወደ ታች ተመልከቱ፤ ሳሎኑ ጣውላ፣ ኮሪደሩ ሊሾ፣ ወጥ ቤቱ ሴራሚክ ሆኖ ብታገኙት አይግረማችሁ።

የእኛም የጉለሌው ቤት እንደዚያው ነው። ሳሎኑና የእናቴ መኝታ ቤት በ1950ዎቹ ሲሠሩ ጣውላ ተነጠፈባቸው። ከዚያ የ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ መጣ፤ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ሆነ። ታዲያ ልጅ ሲበዛ ምን ይደረጋል? ያለውን ቤት ከኋላ መቀጠል ነዋ! አባቴም ኮሪደርና ሁለት ክፍል ቀጠለ። ለጣውላ የሚሆን አቅም ስላልነበረው ወለሉን ሊሾ አስደረገው። (ሊሾ ከጣሊያኖች የወሰድነው ቃል ነው፤ ልሙጥ ማለት ነው።) ሴራሚኩ ደግሞ በ1990ዎቹ ሥራ የያዝነው ልጆች አዋጥተን ለወጥ ቤቱ ያስገባነው ነው። ሦስት ዘመን በአንድ ጣሪያ ሥር ማለት ይኼ ነው።

ችግሩ ያለው በሮቹ ላይ ነው። ሊሾው ከጣውላው ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ይላል፤ ሴራሚኩ ደግሞ ከነማጣበቂያው ከሊሾው ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። የእኛ እግር ለምዶታል። እናቴ ግን ሰማንያን ተሻግራለች፤ ዓይኗም በግላኮማ ደክሟል። ባለፈው ክረምት ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ስትሄድ ደፉ አደናቀፋትና ወደቀች። እግዜር ይመስገን፣ መዳፏ ከመላጥ በቀር አጥንቷ አልተነካም። በእሷ ዕድሜ የዳሌ አጥንት መሰበር ምን እንደሚያስከትል ግን የማያውቅ ሰፈር የለም።

በማግስቱ የቤተሰብ ስብሰባ ተቀመጠ። ከዋሽንግተን በስልክ የተሳተፈችው ታናሽ እህቴ «ሁሉንም ገንጥላችሁ ወጥ ሴራሚክ አንጥፉበት፤ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ» አለች። ወንድሜ ተስማማ፤ ባለሙያ ተጠራ። ባለሙያውም ሳሎኑን በተረከዙ መታ መታ አደረገና «ይኼማ ከሥሩ ባዶ ነው» አለ። እውነቱን ነው። የድሮ ጣውላ ወለል ከመሬት ከፍ ብሎ በአግዳሚ እንጨቶች ላይ ያርፋል፤ እንዳይበሰብስም በድንጋይ መሠረቱ ላይ የአየር ቀዳዳ ይተውለታል። እንጨቱ በክረምት እርጥበት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ በላዩ ላይ ሴራሚክ ቢለጠፍ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጣውላውን ማንሳት፣ ባዶውን በድንጋይ መሙላት፣ ከዚያ ሲሚንቶ ማፍሰስ ሊያስፈልግ ነው። ዋጋው ሲነገር የዋሽንግተኑ መስመር ለአፍታ ጸጥ አለ።

እናቴ ይኼ ሁሉ ሲሆን ቡና እየቆላች ነበር።

«እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለች። «ጣውላው ለብ ሲለኝ መኝታዬ ደርሻለሁ ማለት ነው። ሊሾው ሲቀዘቅዘኝ ኮሪደር ላይ ነኝ። ሴራሚኩ ሲያሟልጨኝ ምድጃው ሁለት እርምጃ ቀርቶታል። ሁሉን አንድ ካደረጋችሁት የት እንዳለሁ በምን ልወቅ? የጣለኝ ደፉ ነው፤ ወለሉ ምን አደረገኝ?»

እኔ ቀድሞም ለጣውላው ሳስቼ ስለነበር ከእሷ ጎን ለመቆም ጊዜ አልፈጀብኝም። የሴራሚኩ ባለሙያ ተሸኝቶ አናጢ ተጠራ፤ ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። አናጢው በጣውላውና በሊሾው መካከል የነበረውን ደፍ አነሳና ወደ ሊሾው ቀስ ብሎ የሚያዘቀዝቅ ሰፊ ሳንቃ ገጠመ። ሚስማሩን የመታው በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ጣውላው ሲያብጥ መላወሻ እንዲኖረው። ከሊሾው ወደ ሴራሚኩ መውጫ ላይ ደግሞ ሲሚንቶው ሻካራ ሆኖ ተዳፋት ተደረገለት። የደከመ ዓይን የቀለም ልዩነት ስለሚረዳው መጋጠሚያዎቹን ቢጫ ቀባናቸው። በመጨረሻም በሁሉም ክፍሎች ዞኮሎውን አንድ ዓይነት ቡናማ አደረግነው። እህቴ በስልኳ መስኮት አየችውና «ውይ፣ አሁን ገና አንድ ቤት መሰለ!» አለች። ወለሉ እኮ ያው ሦስት ዓይነት ነው።

ወጥ ማድረግና ማስማማት ለየቅል ናቸው። ወጥ ማድረግ የፊተኛውን አጥፍቶ ይጀምራል፤ ማስማማት ግን ያለውን ሳይነካ መጋጠሚያውን ይፈልጋል። ወጪውም እንደዚያው ይለያያል።

እንግዲህ አሮጌ ቤት ያላችሁ፣ በተለይ በዕድሜ የገፉ ወላጆች የሚኖሩበት፣ የሴራሚክ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ባለቤቶቹን ጠይቁ። ከዚያም አንድ ሌሊት መብራት አጥፍታችሁ፣ ከመኝታ ቤት እስከ ሽንት ቤት በባዶ እግራችሁ ቀስ ብላችሁ ሂዱበት። ያደናቀፋችሁን እሱን አስተካክሉት። የተረፈው ገንዘብ ሌላ ነገር ይገዛበታል፤ የእኛዋ ለምሳሌ በዋሽንግተን ወጪ አዲስ ሬዲዮ አዛለች።