ሌሊት የሚመጣው ውሃ



ይህችን ጽሑፍ ለመጻፍ ብዙ አመንትቻለሁ። ሰው ፊት ቆሞ የሚያስተምር ሰው የቤቱን ጉድ ሲያወራ ደስ አይልም። ግን ብዙዎቻችሁ ለኒካህ እየተዘጋጃችሁ ነው፤ አንዳንዶቻችሁም በቅርቡ ነው ያገባችሁት። ይጠቅማችሁ ይሆናል ብዬ ነው።

በእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ይመጣና የሱብሂ አዛን አካባቢ ይሄዳል። በዚያ ሰዓት ከቤታችን ሁለት ሰው ይነሳል፤ እኔ ለለይል ሶላት፣ ባለቤቴ ለጀሪካን። እኔ ሳሎን መስገጃዬን ዘርግቼ ረጅም ሱራ እቀራለሁ። እሷ ግቢ ውስጥ ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ሞልታ፣ ደረጃውን ወጥታ፣ ማድ ቤት ያለው በርሜል ውስጥ ትገለብጣለች። በርሜሉ አሥር ጀሪካን ይይዛል። አላህ ይቅር ይበለኝና፣ የጀሪካኑ ድምፅ ኹሹዕ ነሳኝ ብዬ ተነስቼ መስኮት የዘጋሁበት ሌሊት አለ።

አንድ ቀን ከእራት በኋላ ወገቧን ይዛ «አልቻልኩም» አለችኝ። እኔም ወዲያው ሀዲስ መዘዝኩ። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ፋጢማ (ረ.ዐ) ወፍጮ እየፈጨች እጇ ተጎድቶ አገልጋይ ልትጠይቃቸው መሄዷን፣ እሳቸውም ከአገልጋይ የሚበልጥ ነገር ብለው ስትተኛ የምትለውን ዚክር እንዳስተማሯት ነገርኳት፤ 33 ተስቢህ፣ 33 ተህሚድ፣ 34 ተክቢር። ቡኻሪም ሙስሊምም የዘገቡት ሰሒሕ ሀዲስ ነው። እኛ ወንዶች ይህን ሀዲስ እንወደዋለን፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው።

ባለቤቴ ጥቂት ዝም አለችና «ልክ ነው» አለች። «ግን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ለማለት በሌሊት ቤቷ ድረስ መጥተው አልነበረም እንዴ? ከእሷና ከዐሊይ መሀል ቁጭ ብለው? አንተ እኮ ከሳሎን አልወጣህም።»

እውነቷን ነው። ሀዲሱ እንደዚያ ነው። ሁለቱ ተኝተው ሳለ መጡ፤ ሊነሱ ሲሉም ባላችሁበት ሁኑ ብለው መሀላቸው ተቀመጡ። ዐሊይ (ረ.ዐ) የእግራቸው ቅዝቃዜ ደረቱ ላይ ተሰምቶት ነበር። ይህን ስንት ጊዜ እንደቀራሁት አላስታውስም። እሷ የሰማችው ከሴቶች ደርስ አንድ ቀን ነው። የገረመኝ ግን አለመለወጤ ነው። ተናደድኩ እንጂ አላፈርኩም። «መልስ አታጪም» ብዬ ተኛሁ።

ያሳፈረኝ ልጄ ናት። ከሱብሂ በኋላ መስጂድ ውስጥ ሕፃናት አቀራለሁ፤ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄም እዚያው ትቀራለች። በዚያ ሳምንት ሱረቱ ዐበሰ ላይ ነበረች፤ እየቀራች እንቅልፍ ጣላት። የኢማሙ ረዳት ልጅ ከሁሉ በላይ መንቃት አለባት ብዬ ስለማምን ድምፄን ከፍ አድርጌ «ሌሊቱን ምን ስትሠሪ አድረሽ ነው?» አልኳት። ደንግጣ ቀና አለችና «ከእማ ጋር ውሃ ስንቀዳ» አለች።

ሕፃናቱ እሷን ትተው እኔን አዩኝ። ልጄ በዚያ ሰዓት እንደምትነሳ አላውቅም ነበር። ወላሂ አላውቅም። መስኮቱን ዘግቼው ነበራ!

ከዚያ በኋላ ወሎ ገጠር ደረሳ ሳለን የቀራነው አንድ ሀዲስ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ሪያዱ ሷሊሒን ውስጥ የትህትና ባብ ላይ አለ። አስወድ ኢብኑ የዚድ እናታችን ዓኢሻን (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ምን ይሠሩ እንደነበር ጠየቃት፤ እሷም ቤተሰባቸውን በማገልገል ላይ እንደነበሩ፣ የሶላት ወቅት ሲደርስ ወደ ሶላት እንደሚወጡ ነገረችው። «ማገልገል» የሚለው በዐረብኛው «ሚህና» ነው። ሚሟ በከስራ ነው የምትነበበው ወይስ በፈትሃ በሚለው ላይ ግማሽ ቀን ተከራክረናል። ሁለቱም ይሆናል ብሎ ሸሁ ገላገለን። የዚያን ቀን የዛዊያውን ውሃ ማን ከምንጭ እንደቀዳው ግን አንዳችንም አልጠየቅንም። (ዛሬም ቴሌግራም ላይ እስከ እኩለ ሌሊት በመስአላ ስትከራከሩ ሳይ ያቺ ሚም ትዝ ትለኛለች፤ እናታችሁ በዚያ ሰዓት ምን እየሠራች እንደሆነ እግረ መንገዳችሁን እዩልኝ።)

በቀጣዩ ፈረቃ ቀድሜ ተነሳሁ። ሁለት ረከዓና ዊትር ሰግጄ፣ ልጄ እንዳትነቃ በባዶ እግሬ ወጣሁ። ባለቤቴን የቀሰቀሳት የጀሪካኑ ድምፅ ነው። ሌባ መስሏት ነጠላዋን ደርባ ዱላ ይዛ በር ላይ ቆመች። ጀለቢያዬ እስከ ጉልበቴ ረጥቦ፣ አራተኛውን ጀሪካን ስገለብጥ አገኘችኝ።

«ምን ሆንክ?» አለች።

«ውሃ እየቀዳሁ ነው።»

ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ወደ በርሜሉ መጣችና በስልኳ መብራት አየችው። «ዝቃጩን ሳትደፋ ነው የሞላኸው?» አለች። በርሜል ከመሞላቱ በፊት ታችኛው ዝቃጭ ተደፍቶ እንደሚታጠብ በዚህ ሁሉ ዓመት አላውቅም። ውሃው ቀይ ጭቃ መስሏል። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ፊቷን አዙራ ስትስቅ አየኋት።

«ለወለል ማጠቢያ ይሆናል» አለች፤ ባልዲ አመጣች። ጨልፈን ጨርሰን፣ በርሜሉን አጥበን እንደገና ጀመርን። በአንዱ ጆሮ እሷ፣ በአንዱ እኔ ይዘን አዛን እስኪል ስድስት ጀሪካን አስገባን።