ከታችኛው መደርደሪያ

ጥቅምት 12፣ 2017፣ ማክሰኞ፣ ኢስታንቡል

ላሌሊ ውስጥ ጃኬት ስንመርጥና ዋጋ ስንከራከር መሸብን። መጠጥ ሱቁ ጋ ስንደርስ ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ሕግ ሱቆች ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አልኮል መሸጥ አይችሉም። ባለሱቁ ግን አልተጣደፈም። ዶሉጃና ካቫክሊዴሬ፣ ትልልቆቹ የወይን ጠማቂዎች፣ ፊት ለፊት ተደርድረዋል፤ እሱ ጎንበስ ብሎ ከታች አቧራ የጠጣ ጠርሙስ አወጣና «አብላ (እህቴ)፣ ይሄን ውሰጂ» አለኝ። ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ጠማቂ፣ ዋጋው የላይኞቹ ግማሽ። ያው ሕግ የመጠጥ ማስታወቂያም ስለከለከለ፣ ትንሽ ጠማቂ ከእንዲህ ያለ ባለሱቅ የተሻለ አስተዋዋቂ የት ያገኛል?

ሆቴላችን የወይን ብርጭቆ የለውም። ወገበ ቀጭን በሆነው የሻይ ብርጭቆ ቀዳነው፤ ሽታው አልሰበሰብ አለ። ጓደኛዬ አንዴ ተጎንጭታ ፊቷን አጨማደደች። «አንቺ፣ ይሄ እኮ አፍ ያደርቃል! አክሱሚት ይሻለኛል።» እኔም ምላሴ ላይ ጎመዘዘኝ። ቡሹን መልሰን ተኛን።

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

ጠርሙሱ ጀርባ ላይ ሁለት የወይን ዓይነቶች ተጽፈዋል፦ ኦኩዝጎዙና ቦአዝኬሬ። የመጀመሪያው የኤላዚግ ነው፤ ፍሬው ትልቅና ጥቁር፣ ጭማቂው ደስ የሚል ኮምጣጣ። ሁለተኛው የዲያርባኪር፤ ቆዳው ወፍራም፣ ታኒኑ ብዙ። አፋችንን ያደረቀው እሱ ነው። ቱርኮች ሁለቱን ማጣመር የቆየ ልማዳቸው ነው፤ መንግሥት የመጠጥ ክፍሉን እ.ኤ.አ. በ2004 እስኪሸጠው ድረስ ቴኬል የተባለው የመንግሥት ድርጅት ያወጣው የነበረው ዝነኛው ቡዝባም ይኸው ቅልቅል ነበር። አገሩ የወይን እርሻ ሞልቶታል፤ አብዛኛው ፍሬ ግን የሚበላው እንዳለ ወይም ዘቢብ ሆኖ ነው።

ማታ በወይራና በተጠበሰ ደበርጃን ቀመስነው። «ጾም ነው እኮ» አለች፤ ወይን አይገድፍም ብያት ቀዳሁላት። ሲያድር ለዝቦ ነበር። የሾላ ጣዕም መጣ፣ ከኋላው ትንሽ ቁንዶ በርበሬ። ጣዕሙ ጉሮሮ ላይ ብዙ አይቆይም፤ ርካሽነቱ እዚያ ላይ ያስታውቃል።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

የተረፈውን ከበግ ጥብስ ጋር ጨረስነው። ስቡ ጉምዛዜውን ዋጠው፤ ከሦስቱ ማታ የዛሬው በለጠ። ለዚህ ዋጋ ደግሜ እገዛዋለሁ፣ ከምሳ በፊት ከፍቼ ለራት የማቀርበው ከሆነ። አዲስ አበባ ድረስ ግን አልሸከመውም፤ ኪሎው ለጃኬት ነው።