የተቆረጠችው ፊደል

የኔታ ባረፉ በሠላሳኛው ቀን ባለቤታቸው ወደምሠራበት ባንክ መጡ። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፤ አዲስ ቅዳም ስሟን የምታስመሰክርበት የገበያ ቀን። ከሰል ሸጠው ገንዘብ ሊያስገቡ የመጡ ገበሬዎች ሰልፍ ከበሩ አልፎ ነበር። እርሳቸው ወረፋቸውን ጠብቀው መስኮቴ ዘንድ ሲደርሱ የቁጠባ ደብተር አላወጡም። «ልጄ፣ ያኔ የጻፍኸውን የእሳቸውን ነገር ለአርባቸው አውጣልኝ። በሰው ፊት ይነበብልኝ» አሉኝ። «እሺ እትዬ፣ አለኝ» አልኋቸው። አለኝ ያልሁት ሳላየው ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አለኝ እያልሁ ኖሬያለሁ።

የኔታ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ። በ2005 ዓ.ም. ክረምት ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ስመጣ የቆሎ ተማሪነታቸውን ዘመን እንዲያጫውቱኝ ለመንኋቸው፤ ሦስት ሳምንት እሳቸው ሲናገሩ እኔ ስጽፍ ሰነበትን። ወደ ትምህርቴ ስመለስ ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር ገለበጥሁትና «እንግዲህ ገብቷል» ብዬ ደብተሩን ጣልሁት። ያን ሰሞን አንድ ጓደኛዬ የሊኑክስ ትእዛዞችን ያስተምረኝ ነበር። ጽሑፉ ለፍላሽ የማይከብድ ሆኖ ሳለ፣ ያወቅሁትን ለመሞከር ብቻ «ጂዚፕ» በሚባለው ትእዛዝ አመቅሁት። ይህ ትእዛዝ የታመቀውን ፋይል ካበጀ በኋላ ዋናውን ይሰርዛል። ቅጂውን ወደ ተዋስሁት ፍላሽ ላክሁ፤ ጥበቃው በሩን ሊዘጋ ቁልፉን ሲያንቃጭል ፍላሹን ነቅዬ ወጣሁ።

በዚያ ቅዳሜ ምሽት ሒሳብ ዘግተን ከወጣን በኋላ አሮጌውን ላፕቶፕ ከፈትሁ። ዲስኩ ሞልቶ ነበርና ፋይሉን መዘርገፍ አልፈለግሁም። ለዚህ «ዚለስ» የሚባል ትእዛዝ አለ፤ የታመቀውን ጽሑፍ ዲስክ ላይ ሳይዘረጋ በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ገጽ በገጽ ያሳያል። የመጀመሪያው ገጽ ሲመጣ ግን ደነገጥሁ። አንድም ፊደል የለም፤ ከላይ እስከ ታች በቅንፍ የታጠሩ ኢ1፣ 88፣ ኢ1፣ 8ኤ የሚሉ ምልክቶች ብቻ።

ኋላ ሳስተውለው ጥፋቱ የፋይሉ አልነበረም፤ መስኮቱ የኛን ፊደል እንዲያነብ አልተነገረውም። ግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ከሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በተለመደው ዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ የላቲን ፊደል በአንድ ባይት ሲጻፍ የኛ አንዷ ፊደል ሦስት ባይት ትወስዳለች። የመጀመሪያዋ ባይት ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ድረስ ያው ኢ1 ናት፤ አራት ነጥባችንም እንኳ በእርሷ ይጀምራል። የቋንቋውን ቅንብር አስተካክዬ መልሼ ስከፍተው የኔታ መናገር ጀመሩ።

ሁለት ሰዓት ያህል አነበብሁ። ከአገው ምድር ወጥተው፣ ከአፍ መፍቻቸው ከአዊኛ ሌላ ብዙም ሳያውቁ፣ ደበሎ ለብሰውና አኩፋዳ አንግተው ለቅኔ ወደ ዋሸራ ሲወርዱ፤ ውሻ ሲያባርራቸው፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለው የለመኑትን ቁራሽ ከጓደኛ ጋር ሲካፈሉ። የክፍተቷን ቁልፍ አንድ ጊዜ ስጫን አንድ ገጽ ይመጣል። እኔ እስክጫን ፈቺው ፕሮግራም ይጠብቃል፤ ጥቂት ቀድሞ ይፈታና አንባቢው እስኪደርስበት ይቆማል። የዚህ ትእዛዝ ታላቅ ወንድም «ሞር» ነው፤ ዳንኤል ሃልበርት የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1978 በበርክሌይ የጻፈው። በእርሱ በኩል የታመቀ ጽሑፍ ሲነበብ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ የለም፤ ያለፈ ገጽ አለፈ። «ለስ» ግን ያለፈውን በማስታወሻው ስለሚይዝ «ቢ»ን ስጫን ወደ ኋላ ይመለስልኛል። የኔታ እናታቸውን የተሰናበቱበትን ገጽ አራት ጊዜ ተመልሼ አየሁት።

እግረ መንገዴን የማመቁን ነገር ልናገር። መሠረቱን እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተሙት ሌምፔልና ዚቭ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ናቸው። ዘዴው ቀላል ነው፤ አንድ ሐረግ ሲደገም እንደገና አይጻፍም፤ «ይህን ያህል ወደ ኋላ ሂድ፣ ይህን ያህል ቅዳ» የሚል ምልክት ይቀመጥለታል። የዜማ ተማሪ ይህን ሲሰማ የሚገረም አይመስለኝም። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ሠሩት የሚባለው የድጓ ምልክት ከቃሉ በላይ በአንድ ወይም በሁለት ፊደል ተጽፎ «ያንን ሐረግ እንዳዜምኸው ይህንም አዚም» ይላል። ልዩነቱ መሪጌታው ያንን ሐረግ በቃሉ መያዙ ነው፤ ፋይሉ ግን ከ32 ሺህ ባይት ጥቂት በሚያልፍ ርቀት ውስጥ ከራሱ ሆድ ብቻ ይቀዳል። ስለዚህም ከመካከል መጀመር አይቻልም፤ የኋላው በፊተኛው ላይ ቆሟልና ከመጀመሪያው መፍታት ግድ ነው።

ዋሸራ ከደረሱ በሦስተኛው ዓመት አባታቸው ሊወስዷቸው ይመጣሉ። እርሻ ሰው አጥቷል። መምህሩ በልጁና በአባቱ መካከል ተቀምጠዋል። «እኔም ተነሥቼ መምህሬን እንዲህ አልኋቸው፤» ይላል ጽሑፉ፣ ቀጥሎም ኢ1፣ 88። ከሥሩ ደግሞ ፋይሉ ሳይታሰብ እንዳለቀ የሚገልጽ አንድ መስመር።

ለካ ማሽኑ «ጨረስሁ» ሲል የላክሁት ሁሉ ፍላሹ ላይ አልሰፈረም፤ ገና በማስታወሻው የያዘውን ሳይጽፍ ነው የነቀልሁት። የእንዲህ ያለ ፋይል የመጨረሻ ስምንት ባይቶች የጠቅላላ ጽሑፉን ማረጋገጫና ርዝመት የያዙ ናቸው፤ ልክ እንደ ማታው የሣጥን ሒሳባችን። አንድ ጊዜ እንኳ ባስቆጥረው ኖሮ ጉድለቱ በማግሥቱ ይታወቅ ነበር፤ የኔታም በሕይወት ነበሩ። በየቀኑ የሰውን ብር ሁለት ጊዜ ቆጥሬ የማስረክብ ሰው ነኝ።

ከሦስቱ ባይት ሁለቱ በመትረፋቸው ያቺ ፊደል ከ«ሀ»፣ ከ«ለ»፣ ከ«ሐ»፣ ከ«መ»፣ ከ«ሠ»፣ ከ«ረ»፣ ከ«ሰ» ወይም ከ«ሸ» ቤት ናት። ስልሳ አራት ዕድል። በወረቀት ላይ ደረደርኋቸው። «ለምን» ይሆን? «ልሂድ»? «መምህር ሆይ»? ግጥም እሞክራለሁና አንድ ሌሊት ሙሉ ልጨርስላቸው ቃጣኝ፤ የሚያምር ንግግርም መጥቶልኝ ነበር። የመጣልኝ ግን የእኔ ድምፅ ነው፤ የኔታ እንዲያ አይናገሩም።

ለእትዬ እውነቱን ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና «ለእኔም እዚያች ላይ ሲደርስ ይስቅ ነበር እንጂ አልነገረኝም» አሉ። ከዚያ ስለ ጠላው ጌሾ አነሡ።

በአርባቸው አንድ ቄስ ያተምሁትን አነበቡ። «እንዲህ አልኋቸው» ከሚለው ሲደርሱ ወረቀቱን ገለበጡ፤ ጀርባው ባዶ ነበር። እንደገና ገለበጡትና ወደ እኔ ተመለከቱ።