አዲስ አውቶሞቢል ፍሬኑ ሲጮኽ

የሰውን ፊት ፈጥኖ የሚያቀላ ድምፅ ቢኖር፥ ብዙ ገንዘብ የተከፈለበት አዲስ አውቶሞቢል በእንግዶች ፊት ሲቆም ከጎማው ሥር የሚወጣው ቀጭን ጩኸት ነው። አሮጌ መኪና ቢጮኽ እርጅናው ነው ይባላል፤ የጭነት መኪና ቢጮኽ ሸክሙ ከብዶት ነው ይባላል። ወንበሩ በለስላሳ ቆዳ የተለበጠ፥ ቀለሙ እንደ መስተዋት የሚያበራ አዲስ መኪና ሲጮኽ ግን ባለቤቱ ያፍራል፤ ካፈረም በኋላ ይቆጣል፤ ከተቆጣም በኋላ የሚፈርድበትን ሰው ይፈልጋል። እኛም ዛሬ ልንጽፍ ያሰብነው ስለዚህ ጩኸት ነው፤ ይኸውም ከወዴት እንደሚመጣ፥ የትኛው እንደሚናቅ፥ የትኛውም እንደሚፈራ ታውቆ፥ በቤት ውስጥ የሚያገለግል ሰው ያለ ጥፋቱ እንዳይጎዳ ነው።

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና፥ አስቀድመን ሥሩን እንመልከት። ከጎማው ጋራ አብሮ የሚዞር፥ ዲስክ የሚባል የብረት ሳሕን አለ። ነጂው መርገጫውን በእግሩ ሲጫን ሸራ የሚባሉት ሁለት ጠፍጣፋ ነገሮች ዲስኩን ከግራና ከቀኝ ይጨብጡታል፤ መኪናውም ይቆማል። ሸራው ዲስኩን ሲጨብጥ ግን አንድ ጊዜ ይጣበቃል፥ አንድ ጊዜ ያዳልጠዋል፤ ይህም በአንዲት ሴኮንድ ውስጥ ከሺሕ ጊዜ በላይ፥ አንዳንድ ጊዜም ከ10,000 በላይ ሊደጋገም ይችላል። ያን ጊዜ ዲስኩ እንደ ተመታ ደወል ይንቀጠቀጣል፤ እኛ የምንሰማውም ይህንኑ ነው። ነገሩን ለመረዳት ማሲንቆን ማሰብ ይበቃል። ዕጣን የተቀባው ደጋን ጭራውን እየያዘና እየለቀቀ ሲሄድ ዜማ ያወጣል፤ ዘይት የነካው ደጋን ግን መያዝ ስለማይችል ዝም ይላል። አንባቢው ይህችን ምሳሌ በልቡ ይያዛት፤ ኋላ ታስፈልገናለች።

ይህ ጩኸት የዛሬ ነገር አይደለም። ፍሬድሪክ ላንቸስተር የሚባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ የዲስክን ፍሬን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1902 በስሙ አስመዝግቦ ነበር። ነገር ግን በዚያ ጊዜ ዲስኩን የሚጨብጠው ነገር ከመዳብ የተሠራ ስለ ነበረ፥ ብረት ከብረት ሲፋተግ የሚያወጣው ድምፅ ጆሮ የሚበጣ ነበር። አገራችን በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ባየችበት በ1900 ዓ.ም. ግድም፥ ኸርበርት ፍሩድ የሚባል ሌላ እንግሊዛዊ በመዳቡ ፈንታ የአስቤስቶስ ሸራ አደረገበትና ጩኸቱ ጋብ አለ። በ1953 በፈረንሳይ አገር በለ ማን በተደረገው የ24 ሰዓት እሽቅድምድም የጃጓር መኪና በዲስክ ፍሬን ካሸነፈ በኋላ፥ ይህ ፍሬን በዓለም ሁሉ ስሙ ተጠራ። ነገር ግን የአስቤስቶስ ትቢያ ሳንባን የሚጎዳና ካንሰርን የሚያመጣ መሆኑ ታወቀ፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2005 ከለከለው። እንግዲህ ሰው ጩኸቱን ዝም አሰኛለሁ ሲል ከጩኸቱ የባሰውን ነገር ለብዙ ዘመን ሲተነፍስ ኖረ ማለት ነው። ድምፅን ማጥፋትና ነገርን ማዳን አንድ እንዳይደሉ ከዚህ ይታያል።

ታዲያ አዲስና ውድ የሆነው መኪና ስለ ምን ይጮኻል? አንደኛ፥ እንዲህ ያለው መኪና ከባድና ፈጣን ስለ ሆነ ሸራው ብርቱ እንዲሆን የብረት ድቃቂ ይቀላቀልበታል፤ እንዲህ ያለ ሸራ አጥብቆ ይይዛል፥ ነገር ግን ይጮኻል። ሁለተኛ፥ አዲስ ሸራና አዲስ ዲስክ እንደ አዲስ ጫማና እግር ናቸው፤ እስኪላመዱ ድረስ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር መሄድ ያስፈልጋቸዋል። ሦስተኛ፥ የመኪናው ውስጥ ጸጥ ያለ ስለ ሆነ በሌላው መኪና የማይሰማው ትንሽ ድምፅ በዚህ ይሰማል።

በአገራችን ደግሞ አራተኛ ምክንያት ተጨምሯል። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፥ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በከተማችን በዝተዋል። በእነዚህ መኪናዎች ነጂው እግሩን ከመስጫው ሲያነሣ ሞተሩ ራሱ ኤሌክትሪክ አመንጪ ይሆንና የመኪናውን ፍጥነት ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ መኪናውም በዚሁ ይዘገያል። ስለዚህ ሸራውና ዲስኩ ብዙ ጊዜ ሥራ ፈት ናቸው። ሥራ የፈታ ብረት በክረምት ዝናብ ውሎ ሲያድር ይዝጋል፤ ሸራውም ፊቱ እንደ መስተዋት ይለሰልሳል። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ፍሬን ሲያዝ ይጮኻል። መኪናውን ያስጮኸው ብዙ መሠራቱ ሳይሆን ያለ ሥራ መቀመጡ ነው።

ይህ ነገር በቤተ ዘመዳችን ያመጣውን እንናገር። የባለቤታችን ታላቅ ወንድም እንዲህ ያለ መኪና ገዝተው ሦስት ወር እንደ ቈዩ፥ በነሐሴ ወር መኪናው ጠዋት ከበር ሲወጣ ይጮኽ ጀመር። ጎረቤትም ሰማ፤ አንድ ወዳጃቸውም፥ «ይህስ ነጂው ፍሬን እየረገጠ ሸራውን ጨርሶት ነው» አላቸው። ነጂው ዐሥራ ሁለት ዓመት ያገለገላቸው፥ አምስት ልጆች የሚያሳድግ፥ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው። እርሳቸውም ተቈጥተው በወሩ መጨረሻ ሊያሰናብቱት ቈረጡ። ይህንንም በምሳ ላይ ነገሩን።

እኛም ሥራችን በችሎት ፊት የተነገረውን መጻፍ ስለ ሆነ፥ ተከሳሹ ያልተጠየቀበትን ፍርድ ስንሰማ ብዕራችን አይሄድልንም። «ጋሼ፥ መቼ መቼ እንደሚጮኽ ጠይቀውታል?» አልናቸው። «ጩኸት ጩኸት ነው፤ ምን ይጠየቃል?» አሉን። ነጂውን አስጠርተን በፊታቸው እንጠይቀው ዘንድ ግን ፈቀዱልን።

«ጩኸቱ ቀኑን ሁሉ ነው ወይስ በተወሰነ ሰዓት ነው?» አልነው። «ጠዋት ነው ጌታዬ፤ ሦስት አራት ጊዜ ፍሬን ከያዝሁ በኋላ ይተወዋል» አለ። «መኪናው ሁለት ቀን ቆሞ ሲውልስ?» ብንለው፥ «ይብስበታል» አለ። «ቀስ ብለው ሲይዙትና አጥብቀው ሲይዙት ልዩነት አለው?» ብንለውም፥ «ቀስ ስል ይጮኻል፤ ጠበቅ ሳደርገው ዝም ይላል። እኔ ግን ፍሬኑን እምብዛም አልነካውም፤ ኤሌክትሪኩ እንዲመለስ ብዬ በእግሬ አነሣሥ ብቻ ነው የማቆመው። ጋሼም በዚህ አመስግነውኝ ነበር» አለ። ጋሼም ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ።

በማግሥቱ ወደ አንድ መካኒክ ሄድን። መካኒኩም ድምፁን እንደ ሰማ፥ «ሸራው ላይ ጥቂት ዘይት ብናስነካው ዝም ይላል» አለ። እኛም የማሲንቆውን ደጋን አስታውሰን፥ ዝም የሚለው መያዝ ስለሚያቅተው መሆኑን ነግረን ከዚያ ወጣን። ሁለተኛው መካኒክ ግን ጎማውን አውልቆ አሳየን፤ ሸራው ሊያልቅ ቀርቶ እንደ አዲስ ወፍራም ነበር፤ የዲስኩ ፊት ቡናማ ዝገት ለብሷል፤ የሸራውም ፊት አብረቅርቋል። ክሱ በዚያው ወደቀ፤ ነጂው ሸራውን ጨርሶ ቢሆን ኖሮ ሸራው ባልተገኘ ነበር። መካኒኩ ዝገቱን ጠረገ፤ የሸራውን ፊት በሸካራ ወረቀት አሸው፤ ለዚሁ የተሠራውንም ግሪስ ከሸራው ጀርባና ሸራው በሚንሸራተትበት ቦታ ብቻ ቀባ። እሑድ ማለዳ ነጂው ጭር ባለ መንገድ ላይ ከ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ 10 እየቀነሰ፥ በየመካከሉም እያቀዘቀዘ፥ ዐሥር ጊዜ ያህል ፍሬኑን አሠራው። ጩኸቱም ተወ። ዝናብ ባደረ ጠዋት አንድ ሁለት ጊዜ ቢሰማም፥ ማንም ደንግጦ አያውቅም። ነጂው ዛሬም በሥራው ላይ ነው።

እንግዲህ ለባለ አውቶሞቢል ሁሉ የሚጠቅመውን ለይተን እንጻፍ። ጠዋት ተሰምቶ ፍሬን ጥቂት ጊዜ ሲያዝ የሚጠፋ ጩኸት ከእርጥበትና ከዝገት ስለ ሆነ አያስፈራም። ዲስካቸው ከካርቦንና ከሴራሚክ የተሠራ መኪናዎችም ሳይሞቁ ቢጮኹ ተፈጥሯቸው ነው። ጎማው በዞረ ቁጥር ቀኑን ሁሉ የሚሰማ ቀጭን ጩኸት ግን መልእክተኛ ነው፤ ሸራው ወደ 3 ሚሊ ሜትር ሲሳሳ ዲስኩን እየጫረ ባለቤቱን እንዲጠራ ሆን ተብሎ የተደረገ ትንሽ ብረት አለና። በብዙ ውድ መኪናዎች በዚህ ብረት ፈንታ መብራት ይበራል። ይህ ሲሆን ሳይዘገዩ ሸራውን መለወጥ ነው፤ ሲለወጥም የግራውና የቀኙ አብሮ ይለወጣል። እንደ ወፍጮ የሚያንኳኳና የሚፈጭ ድምፅ ከተሰማ፥ ወይም መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ከሳበ፥ ወይም ከአንዱ ጎማ የቃጠሎ ሽታ ከመጣ፥ መኪናውን አቁሞ መካኒክ መጥራት እንጂ ልጆችን አሳፍሮ መንገድ መጀመር አይገባም።

በሸራው ፊት ዘይትም ግሪስም ፈጽሞ አይቀባ። የጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይፈስስ፤ ሊጣመም ይችላልና። የኤሌክትሪክ መኪና ያለው ሰው በሳምንት ጥቂት ጊዜ፥ ከኋላው መኪና አለመኖሩን አይቶ፥ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ ያሠራው። በእንጦጦ ወገን በከፍታ ላይ የሚኖሩ ደግሞ አንድ ነገር ይወቁ፤ ባትሪው ሌሊቱን ሞልቶ ያደረ እንደ ሆነ የሚመለሰውን ኤሌክትሪክ የሚያኖርበት ቦታ ስለሌለው ሞተሩ መኪናውን እንደ ልማዱ አያዘገየውም፤ ቁልቁለቱ በሸራውና በዲስኩ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ባትሪውን እስከ አፉ ሳይሞሉ መውረድ ይሻላል፤ ፍሬኑም ደኅና መሆኑ አስቀድሞ ይታይ።

ከሁሉ በላይ ግን ባለ መኪናው ነጂውን ይጠይቀው። መኪናውን ቀኑን ሁሉ የሚሰማው እርሱ ነው፤ መቼ እንደሚጮኽ፥ መቼም ዝም እንደሚል ከእርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ጩኸት ሁሉ ጥፋተኛ የለውም፤ ምክንያት ግን አለው፤ ምክንያቱንም የሚያገኘው አስቀድሞ የጠየቀ ነው።