ሁለቷ ማርክ

ቅዳሜ ቡና ተጠጥቶ እንዳበቃ የጀመርኩት ነገር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓትም አላለቀልኝም።

ስክሪኑ የተሰበረ አሮጌ ላፕቶፕ አለኝ። ወርክሺት የምትጠይቁኝን ሁሉ በየቴሌግራሙ ከምልክላችሁ ቤቴ ተቀምጦ ሰርቨር ይሁንልኝ ብዬ ኡቡንቱ ጫንኩበት። ለዓመታት ኔትወርኪንግ ያስተማረ ሰው ይህቺ ታቅተዋለች?

ራውተሩ ውስጥ ገባሁ። ለላፕቶፑ የማይቀያየር አድራሻ ሰጠሁት፣ 192.168.1.50። ከዚያ ፖርት ፎርዋርዲንግ ላይ (አንዳንዱ ራውተር ቨርቹዋል ሰርቨር ይለዋል) ከውጭ በ443 የሚመጣውን ሁሉ ወደዚያ ላክ አልኩት። በቤቱ ዋይፋይ መሞከር ስለሚያታልል ስልኬን ዳታ ላይ አድርጌ ሞከርኩ። የለም። ፋየርዎሉን አየሁ፣ ክፍት ነው። ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። የለም። ባለቤቴ "አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ እንቅልፍ የለም?" አለችኝ።

እሁድ በሙያው ለሚሠራ የድሮ ተማሪዬ ደወልኩ።

"ቲቸር፣ ራውተሩ ላይ ዋን አይፒ የሚለውን እስቲ ያንብቡልኝ።"

"100.72..." ስል ሳቀ።

"እሱ እኮ ከውጭ አይታይም፣ ቲቸር።"

ነገሩ እንዲህ ነው። የአይፒቪ4 አድራሻ በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነው፤ ለዓለም አልበቃም። ስለዚህ ብዙ አቅራቢዎች አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኛ ያካፍላሉ። ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው እ.ኤ.አ. በ2012 ለዚሁ ሥራ ተመደበ። እኔ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የቤቴን በር ከፍቼ እንግዳ እጠብቃለሁ፤ የግቢው ጥበቃ ግን እንግዳውን ወደ ማን ቤት እንደሚልከው የነገረው የለም። የእኔ ራውተር ደግሞ ጥበቃውን ማዘዝ አይችልም።

ሌሊቱን ሙሉ ከመድከማችሁ በፊት፣ ራውተራችሁ ላይ ያለውን አይፒና "የእኔ አይፒ ስንት ነው" የሚሉት ገጾች የሚያሳዩአችሁን አስተያዩ። ከተለያዩ ተዉት። ወይ አቅራቢያችሁን የሕዝብ አይፒ ጠይቁ፣ ወይ እንደኔ ውጭ አገር ትንሽ ሰርቨር ተከራይታችሁ ላፕቶፑ ራሱ በዋየርጋርድ ወደዚያ ይደውል። መውጣት አልተከለከለም፣ የተከለከለው መግባት ነው።

እኔ ግን ስልኩን እንደያዝኩ ዝም ብዬ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ፋይናል ላይ "ፖርት ፎርዋርዲንግ በትክክል ከተሠራ ሰርቨሩ ከውጭ ይገኛል" የሚል እውነት ወይም ሐሰት አውጥቼ ነበር። ይኸው ልጅ "ሐሰት" ብሎ ከጎኑ "እንደ አይፒው ነው" ብሎ ጻፈ። ኤክስ አደረግኩበት። ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ሲከራከረኝ "የተማርከውን መልስ" ብዬ መለስኩት። ምደባው ከወጣ ዓመታት አልፈውት ነበር፤ እኔ ነኝ ያላነበብኩት።

"ያቺን ፈተና..." ብዬ ስጀምር አላስጨረሰኝም።

"ሁለቷን ማርክ ነው? በሷ እኮ ነው ኤ ያመለጠኝ፣ ቲቸር።"

እየሳቀ ነው ያለው። ይቅርታ ጠየቅኩት። ይህን ልጻፈው ወይ ብለው "ይጻፉት" አለኝ።

ወርክሺቶቹ ተጭነዋል፣ ሊንኩ ኮሜንት ላይ አለ። ጥያቄ ቁጥር 7ን አስተካክዬዋለሁ።