እጅ አውጡ

ሕዝቡ ስለ ሞት ቅጣት ምን ይላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ለማስተማር ልምምድ ደብረ ወርቅ ከመውረዴ በፊት መልሱ በእጄ ነበር። የገደለ ይገደል ይላል፤ አለቀ።

ዕለቱ የዜግነት ትምህርት ክፍለ ጊዜ ነበር። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 15 አስረዳሁና፣ «ነፍሰ ገዳይ በሞት ይቀጣ የምትሉ እጅ አውጡ» አልኩ። ከሦስት ልጆች በቀር ክፍሉ ሁሉ አወጣ። እኔም አስተማሪ ሆኜ ሳለ አብሬ አወጣሁ። (ተቆጣጣሪው መምህር ከኋላ ተቀምጠው ነበር፤ ምን እንደ ጻፉብኝ እሳቸው ያውቃሉ።)

ታዲያ አንድ ቀጭን ልጅ ብድግ ብሎ፣ «መምህር፣ አባ ኮስትርንስ መስቀላቸው ልክ ነበር?» አይለኝም!

የት አገር እንዳለሁ አስቡት እንጂ። ደጃዝማች በላይ ዘለቀ የቢቸና ምድር ሰው ነው። ጣልያንን አምስት ዓመት በዱር በገደል ሲዋጋ ኖሮ፣ ከነፃነት በኋላ ከመንግሥት ተጣላ፣ ታሰረ፣ አምልጦ ተያዘ፣ ጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ያም እኮ ፍርድ ተብሎ ነው። ዛሬ በዚያችው ከተማ መንገድ በስሙ ይጠራል። ከወጡት እጆች አንድም አልቀረ፤ የኔም ወረደች።

ሲቸግረኝ ወደ ሕጉ ሸሸሁ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአደባባይ መስቀልን እንደሚከለክል፣ ርእሰ ብሔሩ ካላጸደቀውም ፍርዱ እንደማይፈጸም ነገርኳቸው። ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. 60 ያህል ሰው ያለ ፍርድ መረሸኑን፣ የራሱ ሹማምንት ደግሞ በ2000 ዓ.ም. ሞት ተፈርዶባቸው በ2003 ዓ.ም. ወደ ዕድሜ ልክ እስራት እንደተለወጠላቸው ጨመርኩ። ግማሹ ክፍል «ደግ ተደረገ» ሲል ግማሹ አጉረመረመ። እነዚያው ልጆች ናቸው እንግዲህ!

ማታ ለቤት አከራዬ አጫወትኳቸው። ወንድማቸው በድንበር ጠብ የተገደለባቸው እናት ናቸው። እንዝርታቸውን ሳያቆሙ፣ «ልጄ፣ በቀብሩ ዕለት ብትጠይቀኝ ገመዱን እኔው ገምጄ በሰጠሁህ» አሉኝ። «ኋላ ሽማግሌው፣ ቄሱ መስቀል ይዞ መጣ። የልጁ እናት ድንጋይ ተሸክማ ደጄ ወደቀች። እምቢ አልኩ። በዓመቱ ተመልሳ መጣች፤ ከስታ፣ ጠቁራ። ያን ጊዜ እሺ አልኩ። ካሳውን በላን፣ ደሙ ደረቀ። አሁንም ገበያ ላይ ሳየው ሆዴ ይላወሳል።»

«ታዲያ ቢሰቀል ይሻል ነበር ይላሉ?»

«አንተ ደግሞ! የትኛውን ቀን ነው የምትጽፍብኝ?»

በማግሥቱ እጅ አውጡ አላልኩም። ወረቀት አድዬ፣ ይቀጣ ወይስ አይቀጣ፣ ምክንያታችሁን ጻፉ አልኩ። ብዙዎቹ አሁንም ይቀጣ ብለዋል፣ አልደብቃችሁም። አንዱ ግን ስሙን ሳይጽፍ፣ በመስመሩ ላይ ይህችን ብቻ አስቀምጧል፦ «መጀመሪያ ሰውየው ማን እንደሆነ ይነገረን።»

ከአሥር ስንት ልስጠው? እስካሁን አላረምኩትም።